ከምስሉ በፊት ያለው ሥራ፦ የናሙና ዝግጅትና የስካኒንግ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማስረጃ

በቁስ ሳይንስ፣ በኬሚስትሪና በአካባቢ ምሕንድስና የሚቀርቡ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች በአብዛኛው አንድ የሚመሳሰል ገጽ አላቸው። በዚያ ገጽ ላይ አራት ወይም ስድስት ግራጫ ምስሎች ተደርድረው ይታያሉ፤ ከሥራቸውም የናሙናው ገጽ «ሸካራና ባለ ብዙ ቀዳዳ» መሆኑን የሚገልጽ አንድ ዐረፍተ ነገር ይከተላል። በጥናቱ ዘዴ ምዕራፍ ውስጥ ስለ ምስሎቹ የሚነገረው ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ መስመር አያልፍም፤ የናሙናው ገጽ በስካኒንግ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመርምሯል ይልና ይዘጋል። ናሙናው እንዴት እንደ ደረቀ፣ በምን እንደ ተለበጠ፣ በስንት ኪሎቮልት እንደ ታየ አይጠቀስም። እነዚህ ዝርዝሮች በሌሉበት ምስሉ የሚናገረው ስለ ቁሱ ይሁን ወይም ናሙናውን ስላዘጋጀው እጅ አንባቢው መለየት አይችልም።

ጉዳዩን በአንድ የታወቀ ምሳሌ መከተል ይቻላል። የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ሥፍራዎች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ወሰን በላይ ፍሎራይድ ይዟል፤ ጉዳቱም በነዋሪዎች ጥርስ ላይ፣ በከፋ ጊዜም በአጥንታቸው ላይ ይታያል። ስለዚህ ፍሎራይድን ከውኃ ለይተው የሚይዙ ርካሽ ቁሶችን መፈለግ በአገሪቱ የምርምር ተቋማት ተደጋግሞ የሚነሣ ርእስ ነው። የአጥንት ከሰል፣ አሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ ብረት የበዛበት ቀይ አፈር፣ በብረት ኦክሳይድ የተሸፈነ ሸክላ ከሚሞከሩት መካከል ይገኛሉ። ተመራማሪው ከማይክሮስኮፑ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ ቁሱ ቀዳዳ የበዛበት መሆኑን ማሳየት፣ ሁለተኛ ፍሎራይዱ በእርግጥ በቁሱ ላይ መያዙን ማረጋገጥ። ሁለቱም ማስረጃዎች ከአንድ መሣሪያ ይገኛሉ። ሁለቱም ደግሞ በናሙና ዝግጅትና በመሣሪያ አመራረጥ ስሕተት ብቻ፣ ማንም ሳያስበው፣ ከምንም ሊፈጠሩ ይችላሉ።

ግራጫው ነጥብ ምን ይቆጥራል?

በብርሃን ማይክሮስኮፕ ተለያይተው እንዲታዩ የሚፈለጉ ሁለት ነጥቦች ቢያንስ 200 ናኖሜትር ያህል መራራቅ አለባቸው፤ ወሰኑን የሚያበጀው የብርሃን የሞገድ ርዝመት ነው። በ10 ኪሎቮልት የተፋጠነ ኤሌክትሮን የሞገድ ርዝመት ግን 0.012 ናኖሜትር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ሐንስ ቡሽ መግነጢሳዊ መስክ የኤሌክትሮንን ጨረር ልክ ሌንስ ብርሃንን እንደሚሰበስብ ሊሰበስብ እንደሚችል አሳየ፤ በ1931 ማክስ ክኖልና ኤርንስት ሩስካ በርሊን ውስጥ የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሠሩ። ሩስካ ለዚህ ሥራ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ከ55 ዓመታት በኋላ በ1986 ነበር። ያ መሣሪያ ኤሌክትሮኖች ናሙናውን ሰንጥቀው የሚያልፉበት ዓይነት ነው። ገጽን የሚያስሰው፣ ማለትም ስካኒንግ የተባለው፣ ዘግየት ብሎ የመጣ ነው፤ ቻርልስ ኦትሊና ተማሪዎቹ ከ1948 ጀምሮ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ከደከሙበት በኋላ በ1965 ለገበያ ቀረበ። ዛሬም በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ላይ የሚገኘውን የኤሌክትሮን ጠቋሚ በ1960 ያስተዋወቁት ከኦትሊ ተማሪዎች መካከል የነበሩት ኤቨርሃርትና ቶርንሊ ናቸው። ታላቁ መሣሪያ በተከታታይ የድኅረ ምረቃ ሥራዎች ክፍል በክፍል የተገነባ መሆኑ እግረ መንገድ ሊታወስ የሚገባው ነው።

በመሣሪያው ውስጥ እጅግ የቀጠነ የኤሌክትሮን ጨረር በናሙናው ላይ መስመር በመስመር ይጓዛል፤ ገበሬ ትልም በትልም እንደሚያርስ ማለት ነው። ጨረሩ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሲያርፍ ከናሙናው የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ይለካሉ፤ ልኩም በስክሪኑ ላይ ወደ ብሩህነት ይለወጣል። ስለዚህ ምስሉ ፎቶግራፍ ቢመስልም ፎቶግራፍ አይደለም፤ በግራጫ ቀለም የተጻፈ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። አንድ ነጥብ ነጭ የሆነው በስለት ወይም በተዳፋት ላይ በመሆኑ ሊሆን ይችላል፤ ከባድ ንጥረ ነገር ስላለበት ሊሆን ይችላል፤ መውጫ ያጣ የኤሌክትሪክ ሙል ስለ ተጠራቀመበትም ሊሆን ይችላል። ባልሠለጠነ ዓይን ሦስቱ አይለያዩም።

ከናሙናው የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ሁለት ወገን ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ ኤሌክትሮኖች የሚባሉት ከ50 ኤሌክትሮንቮልት በታች የሆነ ደካማ ጉልበት ያላቸው ስለሆኑ ከገጹ ጥቂት ናኖሜትር ጥልቀት ያለፈ ሥፍራ የተወለዱት መውጣት አይችሉም። የገጽን ቅርጽ በጥራት የሚያሳዩት እነርሱ ናቸው። ተመላሽ ኤሌክትሮኖች ደግሞ ከጨረሩ ራሱ ወደ ኋላ የተመለሱ ሲሆኑ ብዛታቸው በአቶሚክ ቁጥር ይወሰናል፤ ካርቦን ላይ ካረፉት 100 ኤሌክትሮኖች 6 ያህሉ ሲመለሱ ከወርቅ ላይ ግን ግማሽ ያህሉ ይመለሳሉ። በሸክላ ላይ የተበተነ የብረት ኦክሳይድ የት የት እንዳለ ማወቅ የፈለገ ሰው የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛው ምስል ነው። ሆኖም የብዙ ጥናቶች ምስል በሙሉ በሁለተኛ ደረጃ ኤሌክትሮን የተነሣ ሆኖ ሳለ፣ ነጫጭ ነጥቦቹ «የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች» ተብለው ይሰየማሉ። ይህ ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው።

ጨረሩ ወደ ናሙናው ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ የሚወስነው ማፋጠኛው ቮልቴጅና የቁሱ ጥግግት ነው። በካናያና ኦካያማ ቀመር ሲሰላ በ20 ኪሎቮልት የተተኮሰ ኤሌክትሮን በግራፋይት ውስጥ 4.4 ማይክሮሜትር፣ በብረት ውስጥ 1.6 ማይክሮሜትር፣ በወርቅ ውስጥ 0.9 ማይክሮሜትር ያህል ይጓዛል። ቮልቴጁ ወደ 5 ሲወርድ የግራፋይቱ ጥልቀት ወደ 0.44 ማይክሮሜትር፣ ወደ 2 ሲወርድ ደግሞ ወደ 0.1 ማይክሮሜትር ይቀንሳል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቀላል አተሞች በበዙበት ቁስ፣ ለምሳሌ ከቡና ገለፈት በተሠራ ከሰል ላይ፣ 20 ኪሎቮልት መጠቀም ስስ ግድግዳዎችን ብርሃን አሳላፊ መጋረጃ ያስመስላቸዋል፤ የገጹ ጥቃቅን ዝርዝር ከሥር በሚመጣ ምልክት ይዋጣል። በዚያው ናሙና ላይ በ3 ወይም በ5 ኪሎቮልት የተነሣ ምስል ሌላ ቁስ እስኪመስል ድረስ ይለያል።

ውኃው ሲወጣ

የመደበኛው መሣሪያ ጓዳ አየር አልባ ነው፤ ስለዚህ እርጥብ ናሙና ሊገባበት አይችልም። የፍሎራይድ ሙከራ ናሙና ግን ከውኃ ውስጥ የሚወጣ ነው። አብዛኛው ላቦራቶሪ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ያጠለውን ቁስ በምድጃ ውስጥ በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ያደርቀዋል፤ ከዚያም ዱቄቱን ወደ ማይክሮስኮፕ ይልካል። በዚህች ተራ እርምጃ ውስጥ ምን ኃይል እንደሚሠራ ማስላት ይጠቅማል። የውኃ የገጽ ውጥረት በክፍል ሙቀት 0.072 ኒውተን በሜትር ነው። ስፋቱ 100 ናኖሜትር ከሆነ ቀዳዳ ውስጥ ውኃው ሲሸሽ በግድግዳዎቹ ላይ የሚፈጠረው የመሳብ ግፊት ወደ 2.9 ሜጋፓስካል ይደርሳል፤ ይህም ከከባቢ አየር ግፊት 28 እጥፍ ያህል ነው። ደንዳና አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይህን ሊቋቋም ይችላል። አዲስ የተዘነበ የብረት ሃይድሮክሳይድ ጄል፣ ያበጠ ሸክላ ወይም ከዕፅዋት የተሠራ ለስላሳ ቁስ ግን አይችልም፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይጨፈለቃሉ፣ ገጹም በበጋ እንደ ደረቀ የኩሬ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። በምስሉ ላይ የሚታየው ስንጥቅ «ለፍሎራይድ መግቢያ የሚያመች ሰፊ ቀዳዳ» ተብሎ ሲተረጎም፣ የጠፋው እውነተኛው ቀዳዳ ሆኖ የተመሰገነው የምድጃው ሥራ ነው።

አማራጮቹ የታወቁ ናቸው፤ የየራሳቸው ዕዳም አለባቸው። አቀዝቅዞ ማድረቅ የፈሳሹን ውጥረት ያስቀራል፤ ነገር ግን ቅዝቃዜው አዝጋሚ ከሆነ ትላልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ያድጉና ሲተኑ በየቦታቸው ባዶ ጎድጓዳ ይተዋሉ። የማር እንጀራ የመሰለው ያ ውብ ምስል የቁሱ ሳይሆን የበረዶው አሻራ ነው። በወሳኝ ነጥብ ማድረቅ የሚባለው ዘዴ ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ ውኃው አስቀድሞ ደረጃ በደረጃ በኤታኖል፣ ኤታኖሉ ደግሞ በፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካል፤ ከዚያም ከ31 ዲግሪና ከ7.4 ሜጋፓስካል በላይ ሲደርስ በፈሳሽና በጋዝ መካከል ያለው ድንበር ስለሚጠፋ ቀዳዳውን የሚጨፈልቅ ነገር አይኖርም። መሣሪያው በሁሉም ዘንድ አይገኝም። በሌለበት ውኃውን በኤታኖል ተክቶ ቀስ ብሎ ማድረቅ ከምድጃው ይሻላል፤ የኤታኖል የገጽ ውጥረት ከውኃው ሲሶ ያህል ብቻ ነውና።

ከማድረቅ ጋር የተያያዘ ሌላ ወጥመድ አለ፤ የፍሎራይድን ጥናት በቀጥታ የሚነካውም ይኸው ነው። የሙከራው ውኃ ብዙውን ጊዜ ሶዲየም ፍሎራይድ በማሟሟት የሚዘጋጅ ነው። ናሙናው ሳይታጠብ ከደረቀ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረው ውኃ ሲተን ጨውን ትቶ ይሄዳል። ጨው በቁሱ ገጽ ላይ ተጋግሮ ሲታይ ፍሎሪን በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን ቁሱ አልያዘውም። ምርመራው ሶዲየምና ፍሎሪን በአንድ ሥፍራ ተደራርበው ከታዩ ጥርጣሬ ተገቢ ነው። በጥቂት ንጹሕ ውኃ ፈጥኖ ማጠብና የታጠበበትንም ውኃ መለካት ጉዳዩን ይለያል።

ማስቀመጥና መለበጥ

የደረቀው ናሙና ስተብ በሚባል የአሉሚኒየም ማስቀመጫ ላይ በካርቦን ቴፕ ይጣበቃል። ሥራው የደቂቃ ቢመስልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በባዶ እጅ የተነካ ስተብ የጣት ቅባት ይይዛል፤ ቅባቱ በአየር አልባው ጓዳ ውስጥ እየተነነ ጨረሩ ባረፈበት ሁሉ በካርቦንነት ይጋገራል። ማጉላቱ ዝቅ ሲደረግ የሚታየው ጥቁር አራት ማዕዘን ከዚህ የመጣ ነው። ጓንትና ወረንጦ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ዱቄት ሲሆን ደግሞ እጅግ ጥቂት በትኖ የቀረውን በንጹሕ አየር ማራገፍ ይበቃል። ተከምሮ የተለጠፈ ዱቄት በሁለት በኩል ይጎዳል፤ ያልተጣበቁት ቅንጣቶች አየሩ ሲመጠጥ እየተነሡ መሣሪያውን ያቆሽሻሉ፤ እርስ በርሳቸው ብቻ የተነካኩትም ኤሌክትሪክን ወደ ስተቡ ማውረድ አይችሉም። የሚጠናው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ከሆነ የአሉሚኒየም ስተብ ራሱ ምልክት ሊጨምር ስለሚችል የግራፋይት ስተብ መምረጥ ይገባል።

ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ናሙና ጨረሩ ያመጣለትን ኤሌክትሮን መልቀቂያ ስለማያገኝ ሙል ይጠራቀምበታል። ምስሉ በድንገት ይነጣል፣ ይጣመማል፣ ይንሸራተታል። የተለመደው መድኃኒት ስፐተር ኮተር በተባለው መሣሪያ በአርጎን ጋዝ ውስጥ ናሙናውን በወርቅ መለበጥ ነው። ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር የሚደርስ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ወርቅ ግን እንደ ቀለም ወጥ ሆኖ አይፈስም፤ በመጀመሪያ እንደ ደሴት ተነጣጥሎ ያርፋል፤ እየበዛ ሲሄድ ደሴቶቹ ይገናኛሉ። በመካከላቸውም ጠባብ ክፍተት ይቀራል። ስፋቱ 10 ናኖሜትር የሆነ የወርቅ እንክብል በ100,000 ጊዜ ማጉላት አንድ ሚሊሜትር ሆኖ ይታያል። የጤፍ ስታርች ቅንጣት ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር ስለሆነ እርሱን ለሚያጠና ተመራማሪ ይህ ሽፋን ምንም አይጎዳውም። 20 ናኖሜትር የሆኑ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶችን አግኝቻለሁ ለሚል ግን ጥያቄው ከባድ ነው፤ የለካው ቅንጣት ብረቱን ነው ወይስ ወርቁን? ወርቅ በተለበጠ ባዶ ገጽ ላይ፣ ለምሳሌ በንጹሕ ሲሊከን ላይ፣ በተመሳሳይ ጊዜ ተለብጦ የተነሣ አንድ ምስል ክርክሩን ይዘጋዋል። ይህ መቆጣጠሪያ ወጪው ኢምንት ሆኖ ሳለ በጥናቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ አለመታየቱ ያስገርማል። ፕላቲነም፣ ክሮምየምና ኢሪዲየም ከወርቅ ይልቅ የደቀቀ ሽፋን ስለሚሰጡ ለከፍተኛ ማጉላት የተሻሉ ናቸው።

ጭራሹን አለመለበጥም ይቻላል። ከ1 እስከ 3 ኪሎቮልት ባለው መጠን ውስጥ በብዙ ቁሶች ላይ የሚገባውና የሚወጣው ኤሌክትሮን የሚመጣጠንበት ነጥብ አለ፤ በዚያ ነጥብ ላይ ያልተለበጠ ሸክላ እንኳ ሳይንቀጠቀጥ ይታያል። በሌላ በኩል ዝቅተኛ ቫክዩም የሚባለው አሠራር ጥቂት አስር ፓስካል ጋዝ በጓዳው ውስጥ በመተው የተጠራቀመውን ሙል ያመክናል። ከዚህ አልፎ ግፊቱ ከ611 ፓስካል በላይ ሲሆንና ናሙናው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ውኃ ራሱ በፈሳሽነቱ ሊቆይ ስለሚችል ናሙናውን ሳያደርቁ ማየት የሚያስችሉ መሣሪያዎች አሉ። ዋጋው ግን ይከፈላል፤ ጋዙ ከጨረሩ ከፊሉን ስለሚበትን ከታለመው ነጥብ ራቅ ካሉ ሥፍራዎችም ኤክስሬይ ይመጣል።

የተቆረጠ ገጽ

ሽፋን ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ወይም ፍሎራይዱ ወደ ቅንጣቱ ውስጥ እስከ ምን ድረስ እንደ ዘለቀ ለማወቅ ከላይ ማየት አይበቃም። ናሙናው በኢፖክሲ ውስጥ ተተክሎ ይቆረጣል፤ ከሸካራው ወደ ለስላሳው በሚሄድ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎም በ6፣ በ3ና በ1 ማይክሮሜትር የአልማዝ ድፍድፍ ይሞረዳል። እያንዳንዱ ደረጃ የቀዳሚውን ጭረት ብቻ ሳይሆን ከጭረቱ ሥር የተጎዳውን ንብርም ማስወገድ አለበት፤ ደረጃ የዘለለ ሰው ጭረቱ ከዓይኑ ቢሰወርም ጉዳቱ ከሥር ይቀርበታል። ተሰባሪ ቅንጣት በሚሞረድበት ጊዜ ተነቅሎ ይወጣና ጉድጓዱ ቀዳዳ መስሎ ይቆጠራል፤ ለስላሳ ብረት ደግሞ እየተለጠጠ እውነተኛውን ቀዳዳ ይደፍናል። ሁለቱ ስሕተቶች የቀዳዳውን መጠን በተቃራኒ አቅጣጫ ያዛቡታል፤ አንዱ ሌላውን ያካክሳል ብሎ ማሰብ ግን አይቻልም። ዱቄት በሆነ ናሙና ላይ ኢፖክሲው በቫክዩም ወደ ቀዳዳዎቹ እንዲገባ ማድረግ ነቀላውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። በአርጎን አዮን ጨረር መጥረብ ከሁሉ የተሻለ ገጽ ይሰጣል፤ መሣሪያው ውድ ነው።

የተሰበረ ገጽ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። በቃጫ የተጠናከረ ፖሊመር ከተሰበረ በኋላ ስብራቱ ራሱ ማስረጃ ስለሆነ ሊነካም ሊታጠብም አይገባም። ሆን ተብሎ የሚሰበር ከሆነ ደግሞ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ማቀዝቀዝ ፖሊመሩ እንዳይለጠጥ ያደርጋል። በመቀስ የተቆረጠ ናሙና ላይ የሚታየው የቃጫ ጫፍ የመቀሱን ስለት እንጂ የቁሱን ጥንካሬ አያሳይም።

ፍሎሪን ወይስ ብረት?

ከምስሉ ይልቅ ከባዱ ስሕተት የሚፈጸመው በኤክስሬይ ትንተናው ላይ ነው። ጨረሩ የነካቸው አተሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጉልበት ያለው ኤክስሬይ ያወጣሉ፤ ኢዲኤስ የሚባለው ጠቋሚም እነዚህን በስፔክትረም ላይ በጫፍ በጫፍ ያሰልፋል። ፍሎሪን የሚያወጣው ኤክስሬይ 0.677 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ነው። ብረት ከሚያወጣቸው አንዱ፣ ኤል የሚባለው፣ 0.705 ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 28 ኤሌክትሮንቮልት ብቻ ሲሆን ጠቋሚው በዚያ አካባቢ የመለየት አቅሙ ከዚህ እጥፍ በላይ የሰፋ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጫፎች ተዋሕደው አንድ ጉብታ ይሆናሉ። ሶፍትዌሩም ጉብታውን ባገኘ ጊዜ ተጠቃሚው በዝርዝሩ ውስጥ የትኛውን ንጥረ ነገር እንደ መረጠ ተመልክቶ ስም ይሰጠዋል። ፍሎሪን የሚፈልግ ሰው ፍሎሪን ያገኛል።

የዚህ ክብደት የሚታየው የጥናቱ ቁስ ራሱ ብረት ሲሆን ነው። በብረት ኦክሳይድ የተሸፈነ ሸክላ ፍሎራይድ ጠብታ እንኳ ሳይነካው በዚያ ሥፍራ ጉብታ ያሳያል። የሚያጋልጠው ሌላው የብረት ጫፍ ነው፤ ኬ የሚባለው፣ በ6.40 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ላይ ብቻውን የሚቆመው። እዚህ ላይ ግን ጠንቃቃውን ተመራማሪ የሚያጠምድ ነገር አለ። ገጹን ብቻ ለማየት ሲል ቮልቴጁን ወደ 5 ኪሎቮልት ዝቅ ካደረገ፣ የብረቱ ኬ ጫፍ እንዲወጣ የሚያስፈልገው 7.11 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ስለማይሟላ ምስክሩ ከስፔክትረሙ ይጠፋል። የብረቱ ኤል ጫፍ ግን በቦታው ይቀራል። በመሆኑም በዝቅተኛ ቮልቴጅ የተገኘው ስፔክትረም ብረት የሌለበትና ፍሎሪን የበዛበት መስሎ ይታያል። መውጫው አንድን ሥፍራ በ5 እና በ15 ኪሎቮልት ደግሞ ማየት፣ ከዚያም በላይ ፍሎራይድ ያልነካውን ያንኑ ቁስ በተመሳሳይ ዝግጅትና በተመሳሳይ ቮልቴጅ መለካት ነው። ልዩነቱ ከሁለቱ ስፔክትረሞች ንጽጽር እንጂ ከአንዱ አይገኝም። በሞገድ ርዝመት የሚለየው ጠቋሚ፣ ደብሊውዲኤስ፣ ሁለቱን ጫፎች ይለያቸዋል፤ ኤክስፒኤስ የተባለው የገጽ ትንተና ደግሞ የፍሎሪኑን የኬሚካል ትስስር ጭምር ይናገራል።

የአጥንት ከሰልን የሚያጠናውም የራሱ ወጥመድ አለው። የአጥንት ማዕድን ካልሲየምና ፎስፎረስ የያዘ ሲሆን በሃይድሮክሲአፓታይት የሁለቱ አተሞች ምጣኔ 1.67 ነው፤ ብዙ ጥናቶችም ይህን ቁጥር ከኢዲኤስ ያወጣሉ። የፎስፎረስ ጫፍ በ2.01 ላይ ሲቆም የወርቅ አንዱ ጫፍ በ2.12 ላይ ነው። ናሙናው በወርቅ ከተለበጠ ሁለቱ ይደራረባሉ፤ ፎስፎረሱ ከሶፍትዌሩ ችሎታ በላይ በትክክል ሊሰላ አይችልም። ፕላቲነም ከወርቅም የባሰ ይጠጋዋል፤ 2.05 ላይ ነው። በካርቦን መለበጥ ይህን ችግር ይፈታል፤ የከሰሉ የካርቦን መጠን ራሱ የሚጠየቅ ከሆነ ግን ሳይለበጥ በዝቅተኛ ቫክዩም ማየት ይቀራል። እንግዲህ ለጥሩ ምስል የሚመረጠው ሽፋንና ለጥሩ ትንተና የሚመረጠው ሽፋን አንድ አይደሉም። ናሙናውን ለሁለት ከፍሎ ለየብቻ ማዘጋጀት የማይቀር ነው።

በመጨረሻም የመጠን ጉዳይ አለ። በገጹ ላይ የተያዘው ፍሎራይድ ከአንድ የአተም ንብር ብዙም ላይበልጥ ይችላል፤ በ15 ወይም በ20 ኪሎቮልት የሚነቃው የቁሱ ክፍል ግን ማይክሮሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ከዚህ ሁሉ ጥልቀት የሚመጣው ምልክት የገጹን ይውጠዋል። ስለዚህ በኢዲኤስ ፍሎሪን አለመታየቱ ፍሎራይድ አለመያዙን አያረጋግጥም፤ የውኃው ትንተና መያዙን ካሳየ የሚታመነው የውኃው ነው። ሸካራ ገጽ ላይ የተገኘ መቶኛ ከነአስርዮሹ በሰንጠረዥ መቅረቡም ትክክል አይደለም፤ የመቶኛ ስሌቱ የተሞረደ ጠፍጣፋ ገጽን ታሳቢ ያደርጋልና።

ናሙናው ሲላክ

በኢትዮጵያ ብዙ ተመራቂ ተማሪዎች ናሙናቸውን ማይክሮስኮፕ ወዳለበት ሌላ ተቋም፣ አንዳንዴም ወደ ውጭ አገር ይልካሉ። ምስሉን የሚያነሣው ባለሙያ ጥያቄው ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ስለዚህ ያማረ ምስል የሚሰጠውን ሥፍራ ይመርጣል። በ10,000 ጊዜ ማጉላት አንድ ምስል የሚይዘው ስፋት 100 ካሬ ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከአንድ ካሬ ሴንቲሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እንዲህ ከጠበበ መስኮት «የናሙናው ገጽ» ብሎ መናገር የሚቻለው ሥፍራዎቹ አስቀድሞ በተቀመጠ ሥርዓት፣ ለምሳሌ ከስተቡ መሃልና ከአራት ዳርቻዎች፣ ከዝቅተኛ ማጉላት ወደ ከፍተኛ እየተሄደ ሲነሡ ብቻ ነው።

ከናሙናው ጋር አንድ ወረቀት መላክ ብዙ ያድናል፤ ወረቀቱ የሚፈለገውን ቮልቴጅ፣ የጠቋሚውን ዓይነት፣ የሽፋኑን ዓይነትና ውፍረት፣ የሥፍራዎቹን ቁጥር ይገልጻል። ያልተነካው መቆጣጠሪያ ናሙናም በዚያው ቀን በዚያው ስተብ ላይ እንዲለበጥ ያሳስባል። ሲመለስ መጠየቅ ያለበት በጽሑፍ ሰነድ ላይ የተለጠፈውን ምስል ሳይሆን መሣሪያው ያስቀመጠውን የመጀመሪያ ፋይል ነው፤ ቮልቴጁ፣ የሥራ ርቀቱና ጠቋሚው አብረው ተመዝግበው ይገኙበታልና። የማጉላት ቁጥር ምስሉ በገጽ ላይ ሲሰፋና ሲጠብ ትርጉም ስለሚያጣ በጥናቱ ውስጥ ሊቆም የሚገባው የመለኪያ መስመሩ ነው። የስፔክትረሙም ጥሬ ፋይል እንዲሁ ይጠየቅ፤ የንጥረ ነገር ዝርዝሩን ለውጦ ደግሞ ማስላት የሚቻለው በእርሱ ብቻ ነው።

የታየው ስተብ አብዛኛውን ጊዜ ምስሉ እንደ ተገኘ ይጣላል። ይህን ማስቀረት ወጪ የለውም፤ ስተቡ ከሥሩ ቁጥር ተጽፎበት ሲሊካ ጄል ባለበት የታሸገ ዕቃ ውስጥ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል። ፈታኙ በመከላከያው ቀን ያ ጉብታ ፍሎሪን ነው ወይስ ብረት ብሎ ሲጠይቅ፣ ያው ናሙና በ15 ኪሎቮልት ተመልሶ ሊታይ ይችላል።